የሚዘጋው ያጣ ኮሌጅ

ጅጅጋ ውስጥ አንድ የግል የጤና ኮሌጅ ነበር፤ እኔ ሬጅስትራሩ ነበርኩ። ሦስት ሰዎች በማኅበር ያቋቋሙት ነው፤ አንደኛው ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ይመራዋል። ትልቅ አይደለም። ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ፣ ከኋላ ሁለት የቆርቆሮ ክፍሎች፣ ጥግ ላይ ሁልጊዜ የሚያፈስ የውኃ ታንከር። ያም ሆኖ ከሲቲ ዞን ከተሞች ድረስ ልጆች እየመጡ ነርስነትና አዋላጅነት ይማሩበት ነበር። መምህራኑ ውጤት ያመጡልኛል፣ እኔ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ እወደውም ነበር። ማን ጎበዝ እንደሆነ፣ ማን በአንድ ነጥብ እንደወደቀ፣ ማን እናቱ ታማ ፈተና እንዳመለጠው ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ከተማው ታመሰ። ስለዚያ ሰሞን ብዙ ማለት አልፈልግም። እኔና እናቴ ሦስት ቀን ሶማሌ ጎረቤታችን ጓዳ ውስጥ ተቀመጥን። የቤቱ እመቤት በርጩማ አውጥታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ የመጣውን ሁሉ «እዚህ ያሉት የእኔ ልጆች ናቸው» እያለች መለሰች። ስንወጣ አባቴ ትቶልን የሞተው የልብስ ስፌት ሱቅ ዓመድ ሆኗል። ኮሌጁ ግን አንድ መስኮት እንኳ አልተሰበረበትም።

የጠፋው ሥራ አስኪያጁ ነበር። አንዱ ሐርጌሳ ነው ይላል፣ ሌላው ናይሮቢ ገብቷል ይላል። ስልኩ ዝግ ነው። ከቀሩት ሁለት የማኅበሩ አባላት አንዱ ቀድሞ ሞቷል፤ ሌላው ውጭ አገር ነው የሚኖረው፣ አፈላልጌ ባገኘው «እኔ ስሜ ብቻ ነው ያለበት፣ ምንም አላውቅም» ብሎ ዘጋብኝ። መምህራኑ እስከ መስከረም ጠበቁ። ከዚያ አንድ በአንድ ሌላ ሥራ እየያዙ ሄዱ። ደብዳቤ የጻፈልን የለም፣ ስብሰባ የጠራ የለም። በዚህ ቀን ተዘጋ የሚባልበት ቀን እንኳ የለውም። ብቻ አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ከእኔ በቀር የመጣ ሰው አልነበረም።

ያን ዓመት የጨረሱ አርባ ያህል ተማሪዎች ነበሩ። ውጤታቸው ተሟልቶ ገብቷል። የቀረው የሥራ አስኪያጁ ፊርማ፣ ከዚያ ማኅተም ነው። ትራንስክሪፕት ከሌለ የብቃት ምዘና አይቀመጡም፤ ምዘናውን ካላለፉ የትም ጤና ጣቢያ አይቀጥራቸውም። ስለዚህ ፋይላቸውን በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ፣ ባጃጅ ተከራይቼ ትምህርት ቢሮ ሄድኩ። ተቀበሉኝና እነሱ ይፈርሙላቸው ብዬ ነው።

የቢሮው ሰው በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ፣ «እህቴ፣ ሰነዱ የኮሌጁ ንብረት ነው» አለኝ። «ኮሌጅ ሲዘጋ ሰነዱን ለእኛ ያስረክባል። የሚያስረክበው ሥራ አስኪያጁ ነው።»

«ሥራ አስኪያጁ የለም እኮ።»

«እንግዲያው አልተዘጋም ማለት ነው። ያልተዘጋ ተቋም ንብረት ተቀብዬ ነገ ባለቤቱ ቢመጣ ምን እላለሁ?»

ከረጢቶቹን ይዤ ተመለስኩ።

መብላት ስላለብኝ ፍርድ ቤቱ አጠገብ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ እገለብጣለሁ። የኮሌጁ ቁልፍ ግን እኔ ጋ ቀረ፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ እየሄድኩ የሬጅስትራሩን ክፍል እከፍት ነበር። ጣራው ማፍሰስ ሲጀምር ፋይሎቹን ከመደርደሪያ ወደ ጠረጴዛ አወጣሁ። ምስጥ ሲመጣ ከጠረጴዛ ወደ ብረት ቁም ሣጥን አዛወርኩ። ደመወዝ የሚከፍለኝ የለም፣ የሚያዘኝም የለም። እናቴ «ምን አባሽ አግብቶሽ ነው?» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ግን የአርባ ልጅ ዕድል ምስጥ ሲበላው እያዩ እንዴት ይተኛል?

ከአርባዎቹ አንዷ ከዚያው ከሲቲ ዞን፣ የአዲጋላ ልጅ ነበረች። ረጅም፣ ግራኝ፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄ የማይሰለቻት። ቢሮዬ ከመለማመጃው ክፍል የሚለየው በኮምፖርሳቶ ግድግዳ ብቻ ስለነበር ሁሉን እሰማ ነበር። የማዋለድ ልምምድ የሚደረገው በፕላስቲክ ሴት ላይ ነው። ሌሎቹ ልጆች ዝም ብለው ይሠራሉ። እሷ ግን ፕላስቲኳን በሶማሊኛ ታናግራት ነበር። «አይዞሽ እናቴ፣ ትንፋሽሽን ያዢ፣ አሁን ነው፣ እኔ አለሁ» ትላታለች። ጓደኞቿ በሳቅ ይፈርሳሉ። መምህሯ ግን አንድ ቀን ቢሮዬ ገብቶ፣ «ይቺ ልጅ የተማረችው ከእኔ አይደለም፣ ይዛው የመጣችው ነው» አለኝ። ውጤቷን ስሞላ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣች።

ኮሌጁ ሥራ ካቆመ በኋላ ከአዲጋላ ጅጅጋ አራት ጊዜ ተመላልሳለች። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በድሬዳዋ፣ በሐረር፣ በባቢሌ ዞሮ፣ ካራማራን አልፎ ነው። በመጣች ቁጥር ሱቄ በር ላይ ትቆምና «አባዮ፣ አለ ወሬ?» ትለኛለች። አባዮ እህቴ ማለት ነው። ወሬ የለም እላታለሁ። ሻሂ ጠጥተን፣ ስለ ከተማው ተጫውተን ትመለሳለች።

አራተኛው ኮሮና በመጣበት ዓመት ነበር። ሚኒባስ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና በጭነት መኪና ነው የመጣችው፤ ፊቷ ላይ በጨርቅ የተሰፋ ማስክ አስራለች። ገብታ ሳትቀመጥ ጀመረች።

«አባዮ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቴምፖ ብቻ አምጪ ብሎኛል። ጊዜያዊ ወረቀት። ምዘናውን በኋላ ትወስጃለሽ አለኝ። እኛ ጋ ያለችው አንዲት ነርስ ናት፤ ምጥ ሲጠና ሴቶቹ በአይሱዙ ነው ድሬዳዋ የሚሄዱት።»

«የሚፈርምልሽ የለም እኮ የእኔ እህት።»

«ማኅተሙ አንቺ ጋ ነው አይደል?»

«ኮሌጁ ነው ያለው፣ መሳቢያ ውስጥ።»

«የመሳቢያው ቁልፍስ?»

ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር፤ የምታየውም ይመስለኛል።

«አንዲት ወረቀት» አለችኝ። «አንቺ ጻፊው፣ አንቺው ፈርሚበት፣ ማኅተሙን ምቺበት። ለማንም አልናገርም።»

«ሥልጣን የለኝም። ሥልጣን የሌለው ሰው የመታው ማኅተም ፎርጅድ ነው። ነገ ቢመረመር አንቺም እኔም እንታሰራለን፤ የጓደኞችሽም ውጤት አብሮ ይጠረጠራል።»

ማስኳን አወለቀች። «አባዮ፣ ማለፌ ውሸት ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

«ውጤቴን የሞላሽው አንቺ ነሽ። በእጅሽ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

ሕጉን ደግሜ ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች፤ ተቆጥታም አልነበር። «ሃዬ» አለች፤ እሺ ማለት ነው። ከዚያ የአሥረኛ ክፍል ካርዷን አውጥታ ሦስት ኮፒ እንዳነሳላት ጠየቀችኝ። አነሳሁላት። ለምን ሦስት እንደፈለገች አልጠየቅኋትም።

ከወራት በኋላ ጅቡቲ ድንበር ላይ ካለችው ከደወሌ ከተማ ስልክ ደወለችልኝ። ለሹፌሮች ምግብ የሚሸጥበት ቤት ተቀጥሬ እየሠራሁ ነው አለች። ከኋላዋ የከባድ መኪና ጥሩምባ ይሰማል። «ስለ ወረቀታችን ምን ተባለ?» ስትለኝ፣ ደስ እንዲላት ብዬ ልጆቹ ተሰባስበው ለዓቃቤ ሕግ አቤቱታ ሊያስገቡ መሆኑን ነገርኳት። «ሲወጣ የእኔን አስቀምጪልኝ» አለች። አስቀምጥልሻለሁ አልኳት። ከዚያ በኋላ በዚያ ቁጥር ብደውል ሌላ ሰው አነሳው።

አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በራሴ ኮምፒዩተር። የፈረሙት ሃያ ስድስት ልጆች ነበሩ፤ የቀሩትን ማግኘት አልቻልንም። ዓቃቤ ሕጓ ወጣት ሴት ነበረች። ነገሩን ለልጆቹ ስታስረዳ እኔም ቆሜ ሰማሁ። «ማኅበር በሕግ ፊት እንደ ሰው ነው። በሕይወት አለ እስከተባለ ድረስ ንብረቱን ማንም አይነካም። ይፍረስልን ማለት ያለባቸው አባላቱ ናቸው። እነሱ ጥለውት ከጠፉ፣ ጥለውት መጥፋታቸውም ሕዝብ የሚጎዳ ከሆነ፣ እኛ በሕዝብ ስም ፍርድ ቤት ቀርበን እንዲፈርስ እንጠይቃለን።»

አንዱ ልጅ፣ «ቶሎ ይፈርሳል?» አላት።

«መጀመሪያ መፈለግ አለባቸው» አለች።

ተፈለጉ። መጥሪያው በጋዜጣ ወጣ፣ በኮሌጁ በር ላይ ተለጠፈ፣ ነፋስ ሲወስደው ደግሞ ተለጠፈ። ቀጠሮ በቀጠሮ ተተካ። ለምስክርነት ስቀርብ ዳኛው በሶማሊኛ ነው የጠየቁኝ፤ እኔም በሶማሊኛ መለስኩ፤ «ትራንስክሪፕት» እና «መዝገብ» ላይ ስደርስ ብቻ ወደ አማርኛ እሄድ ነበር።

«ሥራ አስኪያጁን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ከግርግሩ በፊት ባለው ሐሙስ። የውኃ ታንከሩን ለማሠራት ሰው ጥሪ ብሎኝ ነበር።»

«አስጠራሽው?»

«አዎ፣ መጥቶ ነበር። የሚያዘው ሰው አጥቶ ተመለሰ።»

ችሎቱ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ዳኛው አልሳቁም።

ትእዛዙ በመጨረሻ ወጣ። ማኅበሩ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል እንዲፈርስ፣ አጣሪ ተሹሞ ንብረቱን እንዲረከብ፣ ከሁሉ በፊት ግን የተማሪዎቹ ሰነድ ለባለቤቶቹ እንዲደርስ። የተሾመው አጣሪ የጅጅጋ ሰው ነው፤ ብዙ የማይናገር፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ። ቁልፉን ሳስረክበው የብረት ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ፣ «አንዱም አልጎደለም?» አለኝ።

«አንዱም።»

«ማኅተሙስ? ኮሌጁ ሥራ ካቆመ በኋላ የተመታበት ወረቀት አለ?»

«የለም።»

«አንዲት እንኳ ብትኖር ኖሮ» አለ መነጽሩን እያወረደ፣ «ሁሉንም ለምርመራ መላክ ነበረብኝ። ዓመት ይፈጅ ነበር። ደግ አደረግሽ።»

ያቺ የለመነችኝ አንዲት ወረቀት ትዝ አለችኝ። ከበሩ ወጥቼ ታንከሩ ጋ ቆምኩ።

ትራንስክሪፕቶቹን ሁለታችን ለሦስት ሳምንት አዘጋጀን። እኔ ከመዝገቡ እያነበብኩ እጽፋለሁ፣ እሱ እያመሳከረ በፍርድ ቤቱ ሥልጣን ይፈርማል። ከዚያ በስልክ ጠራናቸው፤ ያጣናቸውንም በጓደኞቻቸው በኩል አስጠራን። ይመጡ ጀመር። አንዱ ባጃጅ ነጂ ሆኗል፤ ባጃጁን ሳያጠፋ ሮጦ ገባ። አንዷ ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ወረቀቱን እያየች «ይቺ እኔ ነኝ?» አለች ፎቶዋን። አንዱ ተቀብሎ፣ አጥፎ ኪሱ ከትቶ፣ አሁን የጨርቅ ንግድ ላይ ነኝ ብሎ ሄደ። የሚያለቅስ ነበር፣ የሚስቅም ነበር። መምጣት በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የቀረው አንድ ፖስታ ሆነ፤ የአዲጋላዋ ልጅ።

የራሷ ስልክ አይሠራም። የምዝገባ ቅጿ ላይ የአባቷ ቁጥር አለ። ያን ቁጥር ስደውል፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እየሣቅሁ ነበር። አዛውንት ድምፅ ነው ያነሳው፤ አማርኛው ጥርት ያለ።

«አዴር፣ ከጅጅጋ ነው፣ ከኮሌጁ» አልኳቸው። አዴር የአባት ወንድም ማለት ነው፤ እኛ ጋ ትልቅ ሰው የሚጠራው እንደዚያ ነው። «የልጅዎ ወረቀት ወጥቷል። ሁለተኛ ነው የወጣችው። ይንገሯት፣ ትምጣና ትውሰድ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አዴር?» አልኩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እሷ እኮ ባሕር ላይ ቀረች።»

ተሕሪብ ወጥታ ነበር፤ በድብቅ ስደት ማለት ነው። ከደወሌ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ወደ የመን በምትሻገር ጀልባ። ጀልባዋ ተገልብጣ ጥቂቶች ወጡ። ከወጡት አንዱ የአዲጋላ ሰው ነበርና፣ አብራን ነበረች፣ ከዚያ በኋላ አላየኋትም ብሎ ደወለ። እንግዲህ ከእኔ ጋር በስልክ ካወራች ከሁለት ወር በኋላ መሆኑ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የእሷን ፋይል ከምስጥ ስጠብቅ፣ እሷ የለችም።

ምን ብዬ ስልኩን እንደዘጋሁ አላስታውስም። የማስታውሰው አጣሪው ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ መስኮቱን መክፈቱን ነው።

አባትየው በሳምንቱ መጡ። ቀጭን፣ ነጭ ጢም፣ እጅጌው የተጠቀለለ ካኪ ሸሚዝ። አማርኛቸውን የተማሩት ከድሮው ባቡር ሠራተኞች ጋር ነው፤ አዲጋላ ጣቢያ ሠርተው እዚያው አረጁ። «አሮጌው ባቡር ሲቆም አለቀ ያለኝ የለም» አሉኝ ኋላ ስንጫወት። «ጣቢያውን ስንት ዓመት ጠረግሁት። ሚስቴ ትስቅብኝ ነበር።»

አጣሪው ተነስቶ ተቀበላቸው፤ አጠገቡ አስቀመጣቸው። ወረቀቱን ሊሰጣቸው ግን አልቻለም። ትእዛዙ «ለባለቤቱ ወይም ለሕጋዊ ወኪሉ» ይላል፤ ባለቤቱ ከሞተ ለወራሽ። ወራሽ ለመባል የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል።

«ሬሳ የለም» አሉ አባትየው።

«አውቃለሁ አዴር። ሕጉ ለዚያም መንገድ አለው። ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው፣ ቤተሰብ ሲያመለክት፣ ፍርድ ቤት እንደ ሞተ ሊቆጥረው ይችላል። ማመልከቻው አስቸጋሪ አይደለም። እሷ ትጽፍልዎታለች፤ እኔ ደግሞ እስኪወሰን ወረቀቱን ይዤ እቆያለሁ።»

ወደ ሱቄ ሄድን። ሻሂ አዘዝኩላቸው፣ አልነኩትም። እንዲህ ዓይነት ማመልከቻ ከዚያ በፊትም ጽፌያለሁ፤ የሚጀመርበትም የሚያልቅበትም ይታወቃል። ጻፍኩ። ስጨርስ፣ «አንብቢልኝ» አሉ።

አነበብኩ። የእሳቸውን ስም፣ የእሷን ስም፣ የተወለደችበትን፣ የሄደችበትን። «...ስለዚህ ልጄ እንደ ሞተች ተቆጥራ...»

እጃቸውን አነሱ። ቆምኩ።

«እናቷ» አሉ፣ «አልጋዋን አላነሳችም። በየጁምዓው አንሶላውን ታጥባለች። እኔ ይሄን ፈርሜ፣ ማታ ቤት ገብቼ፣ የት ዋልክ ስትለኝ ምን እላታለሁ? ልጅሽን አስገድዬ መጣሁ እላታለሁ?»

«አዴር፣ ሕጉ...»

«ሕጉ ልክ ነው። ሰርዢው።»

እያዩኝ ሰረዝኩት። ስክሪኑ ነጭ እስኪሆን ጠበቁ። ያን ጊዜ ሻሂያቸውን አነሱ፤ ቀዝቅዞ ነበር፣ ጠጡት።

«ወረቀቱ እንግዲህ የት ይሄዳል?» አሉኝ።

«ያልተወሰደ ሰነድ ትምህርት ቢሮ ይገባል። እስክትመጣ ይቀመጣል።»

«እስክትመጣ» አሉ። «ጥሩ። ይቀመጥ።»

ከመሄዳቸው በፊት የተማረችበትን ክፍል ማየት ፈለጉ። አጣሪው ቁልፉን ሰጠኝ። ወንበሮቹ ለጨረታ ተቆጥረው ተደርድረዋል፤ ፕላስቲኳ ሴት አልጋዋ ላይ አቧራ ለብሳ ተኝታለች። ልጃቸው ያቺን ፕላስቲክ እንዴት ታናግር እንደነበር ነገርኳቸው፤ ቃል በቃል፣ በሶማሊኛ። አዩዋት። ከዚያ ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ፊቷን ጠረጉላት፤ ቀስ ብለው፣ ግንባሯን፣ ጉንጯን። እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

መናኸሪያ ልሸኛቸው አብሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ መናገር ነበረብኝ። «አዴር፣ ለምናኝ ነበር። በኮሮና ጊዜ። ማኅተም ምቺልኝ ብላኝ ነበር። እኔ እምቢ አልኳት።»

አልቆሙም፤ እርምጃቸውን እንኳ አልቀየሩም። «ነግራኛለች» አሉ።

«ምን አለችዎ?»

«ትክክል ናት አለችኝ። እሷ ቦታ ብሆን እኔም አልመታም አለችኝ።» ትንሽ ከሄድን በኋላ ጨመሩ፤ «ከዚያ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። ስለ የትኛው ጥፋት እንደምጠይቅ አላወቅሁም። የሐረሩ ሚኒባስ ረዳት ይጠራል። ገቡና መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። አጣሪው ያስያዛቸውን የወረቀቷን ኮፒ ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ መኪናው ሲወጣ አቀርቅረው ፎቶዋን እያዩ ነበር።

ኦሪጅናሉን ወደ ትምህርት ቢሮ የወሰድኩት እኔ ነኝ። የማስረከቢያ ቅጹ ላይ ምክንያት የሚል ቦታ አለ። «ባለቤቷ አልቀረበችም» ብዬ ጻፍኩ። ያ ከዓመታት በፊት የመለሰኝ ሰው አሁንም እዚያው ነበር። አወቀኝ። «በመጨረሻ ተዘጋ?» አለኝ። ተዘጋ አልኩት።

የመጨረሻው ችሎት አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አጣሪው ሪፖርቱን አቀረበ፤ ዳኛው የሚቃወም ካለ ብለው ጠየቁ። የመጣሁት እኔና ሁለት ተማሪዎች ብቻ ነን። የተቃወመ የለም። የማኅበሩ ስም ከንግድ መዝገብ እንዲሰረዝ አዘዙ፤ ሌላ መዝገብ ተጠራ። ስንት ዓመት የለመንኩት ቀን ነበር። ስወጣ ደስታም እፎይታም ፈልጌ አጣሁ። አባቴን የቀበርን ዕለት ክፍት የቀረውን ሱቅ ለመቆለፍ የሮጥኩት ሩጫ ትዝ አለኝ፤ ሰው በሐዘን ቀን እንኳ የሚዘጋው ነገር ይፈልጋል። ያን ቀን ግን ምንም የሚዘጋ ነገር አልነበረኝም፤ ሁሉንም አስረክቤያለሁ።

ዛሬ ያ ሕንፃ የፓስታና የሩዝ መጋዘን ነው። እኔ አሁንም ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ነኝ። ከአርባዎቹ ምዘናውን አልፈው ሥራ የያዙ አሉ፤ አንዳንዶቹ ለበዓል ይደውሉልኛል።

አዴርም ይደውላሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዲሱ ባቡር፣ ስለ ከብቶቻቸው እናወራለን። ባለፈው ሰሞን ሲደውሉ ለጤና ጣቢያቸው አዋላጅ እንደተመደበለት ነገሩኝ። ከእኛው ኮሌጅ ናት፣ ከልጃቸው ክፍል። ስሟን ሲሉኝ ውጤቷ እንኳ ትዝ አለኝ።

«ጥሩ ናት?» አልኳቸው።

«ጥሩ ናት። እጇ ቀሊል ነው ይላሉ ሴቶቹ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሚስቴ በየማለዳው የግመል ወተት ትወስድላታለች። በሩ ላይ ተቀምጣ፣ ልጅቷ የምጥ ሴት ስታናግር ትሰማለች። ፀሐይ ሲከር ትመለሳለች። ተይ ልላት አስቤ ነበር።»

«አሏት?»

«አይ» አሉ። «ምን ብዬ?»